አዲስ የመጣ ደንባራ ከብት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የገበያ ቀን ባለፈ ማግስት ስልኬ አያርፍም። አንዱ «ወይፈን ገዝቼ ነበር፣ ጭራሽ አያስጠጋኝም» ይላል። ሌላዋ «ጊደሯ ከመጣች ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመሰችም» ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ አጥር ዘላ የጠፋችበት ነው፤ እሱ እየሮጠ ነው የሚደውለው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ውስጥ ጥጃ ሳግድ ነው ያደግሁት። አሁን ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ ጥቂት ከብት አረባለሁ። ከዚህ በታች ያለውን አብዛኛውን የተማርኩት ራሴ አበላሽቼ ነው።

ሲገዛ ገራም ነበር። ቤት ሲደርስ ለምን አውሬ ሆነብኝ?

ገበያ ላይ ገራም የመሰላችሁ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ከሌሊት ጀምሮ ተነድቷል፤ ውኃ ጠምቶታል። በዚያ ላይ ግራ ቀኙ ከብት ነው። በመንጋ መሀል ያለ ከብት ልቡ ይረጋል። ማታ እናንተ ግቢ ሲደርስ ግን ብቻውን ነው። ሽታው ሌላ፣ ድምፁ ሌላ፣ ሰዉ ሌላ።

ሁለተኛው ነገር ዓይኑ ነው። የከብት ዓይን በጎንና በጎን ነው ያለው። አንገቱን ሳያዞር ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ የማያየው ልክ ከኋላው ያለውን ነው። በዚህ ፈንታ ጥልቀት መለየት ይቸግረዋል። መሬት ላይ የወደቀ ጥላ ጉድጓድ ይመስለዋል። የውኃ ጎማ ደግሞ ምን እንደሚመስለው እሱ ያውቃል። ከፀሐይ ወደ ጨለማ በረት ልታስገቡት ብትገፉት የበሩ ደፍ ላይ ተገትሮ የሚቆመው ለዚህ ነው። እልኸኛ ስለሆነ አይደለም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ደፉን እንዲያሸትና እንዲያጣራ ጊዜ ስጡት፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ይገባል።

የመጀመሪያው ቀን ምን ላድርግ?

ምንም። እውነቴን ነው። አስገቡት፣ ውኃና ድርቆሽ አስቀምጡለት፣ በሩን ዝጉና ሂዱ።

የዛሬ ሦስት ዓመት በጥር አንዲት ዳልቻ ጊደር ገዛሁ። ከዓባይ በረሃ አፋፍ አካባቢ የመጣች ናት። ሜዳ ላይ ያደገች፣ ገመድ የማታውቅ። ቤት ስትደርስ መሽቶ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ሊል መጣ። ልጆች ባትሪ ዓይኗ ላይ ያበራሉ። አንዱ ጥርሷን ልይ ይላል፣ ሌላው ጀርባዋን ቸብ ያደርጋል። እኔም እንደ ሙሽራ አባት መሀል ላይ ቆሜ ዋጋዋን እናገራለሁ። በዚህ መሀል ውሻው ጮኸ። ጊደሯ አንዴ ዞረች፣ ሁለቴ ዞረች፣ ከዚያ የቆርቆሮውን አጥር እንዳለ ይዛው ወጣች። ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮባት የሚባለው ይኸው ነው፤ ቃጭሉ የኛው ሰፈር ሰው ነበር።

ሌሊቱን ሙሉ ወደ መጣችበት መንገድ ስንፈልግ አደርን። ጠዋት ያገኘናት ሁለት በር አልፎ፣ ከጎረቤት በረት ግድግዳ ሥር ተኝታ ነው። ከውስጥ የላሞቹ ትንፋሽ ይሰማታል። አገሯ አልሄደችም። የሄደችው ከብት ወዳለበት ነው።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ከብት ሲመጣ ግቢዬ ሰው አይገባም። እንኳን ደስ ያለህ ማለት የፈለገ ከሳምንት በኋላ ይምጣ።

በአይሱዙ ከመጣ ሌላም ነገር አለ። መኪናውን ከጉብታ ወይም ከተረተር አስጠግታችሁ አውርዱት። ከላይ አታስዘልሉት። የእግር ጉዳት ብቻ አይደለም ችግሩ፤ አዲሱን ግቢ መጀመሪያ የሚያውቀው በመውደቅ ይሆናል።

አጥሩ ምን ያህል ይሁን?

ቢያንስ ሦስት ክንድ ከፍታ፣ ቢቻል ከዚያ በላይ። ከፍታው ብቻ አይበቃም፤ መታየት አለበት። በሩጫ የመጣ ከብት ቀጭን ሽቦ አያይም። አግዳሚ እንጨት ያያል። የላላ ቆርቆሮ አይሁን፤ በነካው ቁጥር ስለሚንኳኳ ራሱን በራሱ ያስደነብራል። ማዕዘኑን ደግሞ በግንድ ወይም በድርቆሽ ክምር ሙሉት። ከብት የሚጨነቀውና የሚዘለው ማዕዘን ላይ ነው።

ሌላ ከብት የለኝም። ብቻውን መሆኑ ይጎዳዋል?

ይጎዳዋል። ካልተቻለ በግ ወይም አህያ አጠገቡ ሲሆን እንኳን ይሻለዋል። የሚሻለው ግን ያረጀች ገራም ላም ናት። እሷ ወደ እናንተ ስትመጣ እያየ ይማራል። እናንተ አሥር ቀን የምትለፉበትን አንዲት አሮጊት ላም በሁለት ቀን ታስተምረዋለች።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከሌሎቹ ጋር ግርግም ለግርግም ከማገናኘታችሁ በፊት ሦስት ሳምንት ያህል ለይታችሁ አቆዩት። እንዲተያዩና ድምፅ ለድምፅ እንዲሰሙ፣ ግን አፍ ለአፍ እንዳይገናኙ፣ በአንድ ባልዲም እንዳይጠጡ። ከገበያ የመጣ ከብት ምን ይዞ እንደመጣ ብዙ ጊዜ በዚያን ጊዜ ውስጥ ይታወቃል።

አልበላም፣ አልጠጣም አለ። ምን ይሻላል?

መጀመሪያ ውኃው። ወንዝ ወርዶ የሚጠጣ ከብት ባልዲ አያውቅም። ቢጫ የፕላስቲክ ባልዲ ቢያቀርቡለት ሊሸሸው ይችላል። ሰፊና ዝቅ ያለ ነገር ላይ አድርጉለት፣ መሬት ላይ ይቀመጥ፣ ከንፋስ ጋር እየተንቀሳቀሰ አይንኳኳ። የቧንቧ ውኃ መድኃኒት መድኃኒት ከሸተተው ከማታ ጀምሮ ክፍት ዕቃ ላይ አሳድሩት። ወይፈን እንደ ሙቀቱና እንደ መኖው በቀን ከ20 ሊትር በላይ ሊጠጣ ይችላል። ስለዚህ ጠጣ አልጠጣም ብሎ መገመት ሳይሆን ልኩን ምልክት አድርጎ ማየት ነው።

መኖው የመጣበትን ይምሰል። የጤፍ ጭድ ሲበላ ከኖረ ጭድ፣ የዳጉሳ ገለባ ከሆነ የዳጉሳ ገለባ። ቢቻል ሻጩን አንድ ሸክም ለምኑት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከብቱ አልበላም ሲል ይጨንቀውና ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ አተላ ይደረድርለታል። ሆዱ ያልለመደውን እህልና ጥራጥሬ ባንዴ ከበላ ሊነፋ፣ ሊታመም፣ ሊሞትም ይችላል። የከብት ሆድ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። እነሱም አዲስ ምግብ ለመልመድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋሉ። እፍኝ ብላችሁ ጀምሩ። በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ። የሰው ልጅ እንኳን ከጾም ወጥቶ ባንዴ ሥጋ ሲበላ ምን እንደሚሆን እናውቃለን።

ሙሉ ቀን ምንም ካልጠጣ፣ ወይም ሁለት ቀን ሙሉ ካልበላ ግን ባለሙያ ጥሩ።

እንዴት ልጠጋው?

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው።

እያንዳንዱ ከብት በዙሪያው የማይታይ አጥር አለው። ከዚያ መስመር ውጭ ቆማችሁ ያያችኋል፣ ያመሰኳል። መስመሩን ስትረግጡ ራሱን ቀና ያደርጋል፣ ጆሮውን ያቀናል። አንድ እርምጃ ከጨመራችሁ ይሄዳል። ሰው ብዙ አይቶ ለማያውቅ ከብት መስመሩ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ላይ ሊሆን ይችላል። ለወተት ላም ደግሞ ጭራሽ የለም። የማላመድ ሥራ ይህን መስመር ቀስ እያሉ ወደ ውስጥ ማጥበብ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከጎን በኩል፣ በትከሻው አቅጣጫ ሂዱ። ከኋላ አይሁን። ዓይን ዓይኑን አትዩት፤ ፊት ለፊት አፍጥጦ የሚመጣ ለእሱ ጅብ ነው። ራሱን ቀና ያደረገባት ቦታ ላይ ቁሙ። ጠብቁ። ጆሮው ሲላላ፣ ወይም አንድ ጊዜ በረዥሙ ሲተነፍስ፣ ያን ጊዜ *እናንተ* ወደ ኋላ ሂዱ። አዎ፣ ወደ ኋላ። ረግቶ ሲቆም የምትርቁለት ከሆነ መቆም እንደሚያዋጣ ይገባዋል። ሲሮጥ የምትተዉት ከሆነ ደግሞ መሮጥ እንደሚያዋጣ ይማራል። ስለዚህ ሲሮጥ አትከተሉትም፣ ግን በዚያው ጥላችሁት አትወጡም። ባላችሁበት ቆማችሁ እስኪቆም ትጠብቃላችሁ።

በጣም ከደነበረ ግን ለዚያን ሰዓት ተዉት። አንዴ የበረገገ ከብት ልቡ እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተመልሳችሁ ብትገቡ የምትቀጥሉት ከፍርሃቱ ላይ ነው።

እኔ ዳልቻዋን ያላመድኳት ዱካ ላይ ተቀምጬ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ጭዷን አደርግና በረቱ ጥግ ዱካዬን አስቀምጬ ሃያ ደቂቃ እቀመጣለሁ። አልነካትም፣ አላያትም። ስልኬን ነው የማየው። መጀመሪያ እኔ እያለሁ አትበላም ነበር። በሦስተኛው ቀን ጀርባዋን ሰጥታ በላች። በአምስተኛው ቀን ፊቷን አዙራ በላች። ከዚያ ጭዱን ወደ ዱካው አስጠጋሁት። በዘጠነኛው ቀን ፍቅፋቂ አሞሌ ጨው መዳፌ ላይ አድርጌ እጄን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። አንገቷን እስከሚረዝምበት ጫፍ አረዘመችው። እግሯ አልመጣም፤ አራቱም ለመሮጥ እንደተዘጋጁ ወደ ኋላ ተገትረዋል። አፍንጫዋ እርጥብ ነው፣ ትንፋሿ እጄ ላይ ይሞቃል። ከዚያ ምላሷ መጣ። እንደ ሞረድ የሚፈገፍግ ምላስ። አንዴ ላሰችና አፈገፈገች። ቆየችና ተመለሰች። እኔ እንኳን መንቀሳቀስ መተንፈስም ፈርቼ ነበር።

ስንት ቀን ይፈጃል?

ከሰው ጋር መሆንን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ያህል። በእጅ ለመዳሰስ ሦስት አራት ሳምንት። አንዳንዱ በአንድ ሳምንት ይመጣል፣ አንዳንዱ ሁለት ወር ይወስዳል። በቀን ሦስት ጊዜ ለአጭር ለአጭር መግባት አንዴ ገብቶ ሁለት ሰዓት ከመታገል ይሻላል። ያው ሰው፣ በዚያው ሰዓት፣ ቢቻል በዚያው ልብስ። ከብት ሰው ይለያል። በልብስም በመልክም ይለያል። በአዘቦት ጃኬት ለምዳችሁት እሑድ ነጭ ጋቢ እየተንሳፈፈ ብትገቡ እንግዳ መጣ ብሎ ይነሣል።

ትንሽ ካልተመታ አይገራም ይሉኛል። እውነት ነው?

አይደለም። አባቴም እንዲያ ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረው፤ ግን የሱን በሬዎች ሳስታውስ ከልጅነቴ ጀምሮ ከሱ ይልቅ እኔን ያስጠጉ ነበር። ከብት የመታውን ሰው ያስታውሳል፣ የተመታበትን ቦታም ያስታውሳል። በረት ውስጥ ከመታችሁት በረቱን ይጠላል። ጅራቱን መጠምዘዝም ያው ነው።

በትር ያዙ፤ ግን እጃችሁን ለማርዘም ይሁን። ከትከሻው ወደ ኋላ ብላችሁ ብትቆሙ ወደፊት ይሄዳል፤ ከትከሻው ወደፊት አልፋችሁ ብትቆሙ ይቆማል ወይም ይመለሳል። ይህን ያወቀ ሰው ድምፅ ሳያወጣ ከብት ይነዳል። የመንደር እረኛ ልጆችን አስተውላችሁ እዩ፤ የሚያፏጩት ለራሳቸው ነው፣ ከብቶቹን የሚያዞሩት ግን በአቋቋማቸው ነው።

ገመድ መቼ ላድርግለት?

እጃችሁን አንገቱ ላይ ሲቀበል። ከዚያ በፊት የግድ ከሆነ (ከገበያ ታስሮ ከመጣ ማለቴ ነው) ገመዱን አትፍቱት፣ ለመፍታት መታገልም አያስፈልግም።

ቀጭን ናይለን ይቆርጣል። ወፍራምና ለስላሳ ገመድ ፈልጉ። አንገቱ ላይ ሸምቀቆ በፍጹም አታድርጉ። ከብት ሲታነቅ ወደ ኋላ ነው የሚጎትተው፣ በጎተተ ቁጥር ይጠብቃል። ቋጠሮው የማይሸሽ ይሁን። ምሰሶው ላይ ያለው ጫፍ ደግሞ በአንድ ስበት የሚፈታ ይሁን። እኔ ይህንን ከመማሬ በፊት አንድ ጊዜ በቢላ ቆርጬ ነው ያዳንኩት። ከዚያ ወዲህ በረቱ ላይ ቢላ ተሰክቶ ይኖራል።

መጀመሪያ ገመዱን አድርጋችሁ መሬት ለመሬት እየጎተተው ይዋል። ይህ የሚሆነው በተዘጋ በረት ውስጥ፣ የሚጠልፈው ነገር በሌለበት፣ እናንተ እያያችሁት ብቻ ነው። ራሱ ይረግጠዋል፣ ይያዛል፣ እግሩን ሲያነሣ ይለቀቃል። ሲጎትት እንደሚያጠብቅ፣ ሲተው እንደሚላላ ከራሱ ይማራል። ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። ከዚያ ለአጭር ጊዜ እሰሩት። በራሱ ከፍታ ልክ፣ ሁለት ክንድ ያህል አሳጥራችሁ። ረዥም ገመድ እግሩ ይገባበታል። የታሰረን አዲስ ከብት ጥላችሁ ገበያ አትሂዱ።

ስትስቡት ቀጥታ ፊት ለፊት አትጎትቱ። ትንሽ ወደ ጎን ሳቡት፤ አንድ እርምጃ ሲራመድ ገመዱን ወዲያው አላሉለት። ሁለተኛዋ እርምጃ የምትመጣው በላላችው ገመድ ነው።

የቱ ጋ ልከከው?

ከአንገቱ ሥር፣ ከሻኛው ግራ ቀኝ፣ ከጅራቱ ሥር። ራሱ ሊልስ የማይደርስበትን ቦታ ይወደዋል። መዥገር ስታነሡለት ደግሞ ወዳጅነታችሁ ይጸናል።

ግንባሩን አትንኩ፤ በተለይ የወንድ ጥጃን። ጥጃ ሆኖ ግንባሩን እየገፋችሁ መጫወት ደስ ይላል። እሱ የሚማረው ግን ሰውን በግንባር መግፋት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቀንድ ይኖረዋል። በጡጦ ያደገ ኮርማ ካልተገራ ኮርማ ይልቅ የሚያሰጋው ለዚህ ነው፤ ሰውን አይፈራም፣ እንደ ጓደኛው ቆጥሮ ነው የሚገጥመው። ልጆቻችሁን አስጠንቅቁ።

ከተማ ነው የምኖረው። ባጃጁ፣ ፌስታሉ፣ ቆርቆሮው ሁሉ ያስደነግጠዋል።

ከብት ከኛ ይልቅ ይሰማል፣ ቀጭን ድምፅም ይረብሸዋል። ድንገተኛ የሆነውን ቀንሱለት፣ የተለመደውን ግን አትደብቁት። ሁልጊዜ የሚሰማውን ይለምደዋል። አንድ ሬዲዮ በዝቅተኛ ድምፅ ከፍቶ መተው ይረዳል። ዜናው ጥሩ ባይሆንም ለሱ ለውጥ የለውም።

የቆርቆሮ ጣሪያ ነገር ግን ሳይታሰብ ይቀራል። ሣር ክዳን ቤት ያደገ ከብት ዝናብ እንዲያ ሲደበድብ ሰምቶ አያውቅም። ዳልቻዋን በጥር ስለገዛኋት በጋውን በሰላም አሳለፈች። የመጀመሪያው የሚያዝያ ዝናብ ሲወርድ ግን እንደ አዲስ በረገገች። ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የሠራሁት ያን ብቻ ነው። ከቻላችሁ ከቆርቆሮው ሥር ሣር ወይም አገዳ አንጥፉበት።

ቀይ ልብስ ይጠላል የሚባለው?

ቀለሙ አይደለም። የከብት ዓይን ቀይን በደንብ አይለይም። የሚያስደነብረው የጨርቁ መወዛወዝ ነው።

ፍርሃት ነው ወይስ በሽታ? እንዴት ልለይ?

የፈራ ከብት ራሱ ቀና፣ ጆሮው ወደ እናንተ፣ ዓይኑ ፍጥጥ ያለ ነው። የታመመ ራሱን ዘቅዝቋል፣ ጆሮው ወድቋል፣ ብትመጡም ባትመጡም ግድ የለውም። ስለዚህ «ዛሬስ ጸጥ አለልኝ» ብላችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ማመስኳቱን እዩ። ተኝቶ የሚያመሰኳ ከብት ደህና ነው። የማያመሰኳ፣ አፍንጫው የሚዝረበረብ፣ የሚያስል ከሆነ ወደ እንስሳት ክሊኒክ። የጤነኛ ከብት ሙቀት በ38 እና በ39 ዲግሪ ተኩል መሀል ነው። መንገድና ጭንቀት የከብትን አቅም ስለሚያዳክም የሳንባ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። ስለ አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባና ጎረርሳ ክትባት የቀበሌያችሁን ባለሙያ ጠይቁ፤ ሻጩ «ተከትቧል» ያላችሁን ያለ ወረቀት አትመኑ።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለውም። ገራም የነበረ ከብት ድንገት አብዶ ሰው መውጋት ከጀመረ፣ ለሀጩ ከተዝረከረከ፣ ድምፁ ተለውጦ አለመጠን ካገሣ፣ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳታስገቡ። አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብላችሁ እንዳትፈትሹ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ለሀጩ የነካው ሰው ቶሎ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ብወስደውስ?

የኛ አገር ይህ ጣጣ አለበት። ጮቄ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ደግሞ በአንድ ቀን መንገድ ሌላ አገር ነው። ከቆላ የመጣው ደጋ ላይ ብርዱ ይጎዳዋል። ደረቅ ጉዝጓዝ አድርጉለት፣ ከንፋስ ከልሉት። የሚከፋው ግን ወደ ታች ሲወርድ ነው። በዓባይ ሸለቆ ቆላ የቆላ ዝንብ አለ፣ ገንዲ የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። የደጋ ከብት አያውቃትም። ከወረደ በኋላ እየከሳ፣ ጠጕሩ እየቆመ፣ ድዱ እየነጣ ከሄደ አልለመደም ብላችሁ አትጠብቁ፤ ይመርመር።

ወይፈኑን ለእርሻ ነው የፈለግሁት። መቼ ልጥመደው?

ሦስት አራት ዓመት ሲሞላውና ከሰው ጋር ሲስማማ። የግንቦትና የሰኔ ጥድፊያ ሳይመጣ ጀምሩ። የጤፍ ማሳ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ ሰው በዚያን ሰዓት ትዕግሥት የለውም። የተጣደፈ ገበሬና ያልተገራ ወይፈን ተጠምደው ያየ ያውቀዋል፣ ቀንበርም ይሰበራል፣ ሰውም።

ከገራም በሬ ጋር አጣምዱት። መጀመሪያ ባዶ ቀንበር ተሸክመው ግቢ ውስጥ ይቁሙ። በማግስቱ ይራመዱ። ከዚያ ቀላል ግንድ ይጎትቱ፤ ከኋላው የሚከተለው ድምፅ ነው የሚያስደነግጠው እንጅ ክብደቱ አይደለም። ሞፈር የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ለስላሳ መሬት ላይ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። በቀኝ ከጀመረ በቀኝ ይቀጥል። ማነቆው አንገቱን እንዳይልጠው ማታ ማታ ዳስሱት። የተላጠ አንገት በማግስቱ ቀንበር ሲያይ ይሸሻል፣ እናንተም ሰነፍ ነው ትሉታላችሁ።

ጊደሯስ? ስትወልድ አላስነካ ብትለኝ?

ከመውለዷ ሁለት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ። ከአንገቷ ተነሡ፣ በሆዷ በኩል አድርጋችሁ ወደ ጡቷ ውረዱ። እግሯን ስታነሣ እጃችሁን አታሽሹ፤ በዚያው አቆዩት፣ ስታወርድ አንሡ። የምታልባት እመቤት እሷው ራሷ ታላምዳት። ባል አላምዶ ሚስት ስታልባት የተረገጠችበትን ቤት አውቃለሁ፤ ጥፋቱ የጊደሯ አልነበረም። ረጋ ያለች ላም የሚፈልግ ሰው ፎገራን ይጠይቃል፤ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ይህንኑ ዝርያ ሲጠብቅ የኖረ ነው። የከተማ ዲቃላ ጊደር ሰው ትለምዳለች፣ ግን እሷም ቤት ስትቀይር ትደነብራለች።

የማይገራ ከብት አለ?

አለ፣ ጥቂት ነው። ሁለት ወር በደንብ ሠርታችሁበት አሁንም ሰው ሲያይ የሚሸሽ ሳይሆን *የሚመጣ* ከሆነ አትታገሉት። አድልቡና ሽጡት። ስትሸጡ ጠባዩን ተናገሩ። እኔ አልተነገረኝም ነበር፣ አጥሬን ከፍዬ ነው ያወቅሁት።

ስም ላውጣላት?

አውጡላት። መኖ ከመስጠታችሁ በፊት ሁልጊዜ በዚያው ድምፅ ጥሯት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትዞራለች። እኛ ዘንድ የከብት ስም ብዙ ጊዜ ቀለሟ ነው፦ ቦቃ፣ ቡሬ፣ ዳልቻ። ቡሬ ከተማ ገበያ ሄዶ ቡሬ በሬ ገዝቶ ስሙን ቡሬ ያለ ሰው አለ።

ችግሩ ስሙ የጋራ መሆኑ ነው። ማታ 11 ሰዓት ላይ ደጃፌ ላይ ቆሜ «ዳልቻ!» ስል ሁለት ይመጡብኛል። ሁለተኛዋ ያን ሌሊት ጊደሬ ግድግዳዋን ተጠግታ ያደረችባት የጎረቤቴ ላም ናት። ጨው ለሁለቱም አዘጋጃለሁ።